በውሃው ዳር ያለችው ቀይ

ዞተርሜር፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1995

ለወይዘሮ ሉችያ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ያንን አምስት ፎቅ እንደምን እየቻለው ነው? እኔ ከግራ ቁርጭምጭሚቴ በስተቀር ሁለመናዬ ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሯል። አይደንግጡ። ሐሙስ ከእርስዎ ቤት ስመለስ ከጀልባውም ከባቡሩም ከትራሙም በሰላም ወርጄ፣ ሄግ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር የገዛ ቤቴ ደረጃ ጣለኝ። የዚህን አገር ደረጃ ያውቁታል፤ መሰላል ነው እንጂ ደረጃ አይባልም። የቀለም ሳጥኔን አድናለሁ ብዬ እግሬን ሰበርኩ። ሳጥኑ ጭረት እንኳ የለበትም።

አሁን ልጄ ረሆቦት ዞተርሜር ወስዳ ሶፋዋ ላይ አጋድማኛለች። ጀሶው እስከ ጁን ሰባት አይፈታም ተብሏል። ስለዚህ ሥዕሉን እንዳሰብኩት መጥቼ ልወስደው አልችልም፤ እርስዎ ዘንድ ይቆይልኝ። በረንዳዎ ላይ አረንጓዴ ቀለም ማፍሰሴንና በወንበሩ እግር ሸፍኜ መውጣቴንም ይቅር ይበሉኝ። አምስት ጠዋት ሙሉ በር ከፍተው፣ ትኩስ ዳቦ አብልተው፣ አንድም ቀን «መቼ ነው የሚጨርሱት?» አላሉኝም። እንዲህ ያለ ሰው ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

የሥዕሉን ነገር አደራ እላለሁ። ነገሩን ያውቁታል፤ ቢሆንም ልድገመው፣ አሁን ሶፋ ላይ ተኝቼ ከዚህ ሌላ የማስበው የለኝም። ሮተርዳም ያለው የእኛ ጉባኤ በበዓለ ሃምሳ፣ ጁን 4 እሑድ፣ ያጠምቃል። ከሚጠመቁት አንዷ የረሆቦት ልጅ ሄርሜላ ናት። ፓስተር ፈቃደ «ከገንዳው ጀርባ የሚሰቀል ዮርዳኖስ ሣልልን» አሉኝ። ዮርዳኖስን አይቼው አላውቅም፤ ያላየሁትን ውሃ ደግሞ አልሥልም። ስለዚህ ከበረንዳዎ የሚታየውን ውሃ ሣልኩላቸው። ሠላሳ ዓመት በቀለም እንጀራ በልቻለሁ። በዓይኔ ያየሁትን ሥዬ፣ ሰው «ስጠን፣ እንሰቅለዋለን» ሲለኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በስድሳ ሁለት ዓመቴ።

ረሆቦት «ቀለሙን ተውና እኛ ጋ ኑር፣ ያ ደረጃ ይገድልሃል» ትለኛለች። ሥዕሉ ተሰቅሎ ሰው ቆም ብሎ ካየው እቀጥላለሁ፤ እንደ ግድግዳ ወረቀት ካለፈው ሳጥኔን ዘግቼ ዞተርሜር እገባለሁ ብያታለሁ። ቃል ነው። ወፍራሙ ቀለም ቶሎ አይደርቅምና እንዳይሸፍኑት፣ እንዳይጠቀልሉት። የት አስቀመጡት?

አክባሪዎ ብዙነህ

*

አምስተርዳም ኖርድ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1995

ጋሽ ብዙነህ፣

እግዚአብሔር ይማርዎት። ሰው እግሩን ሰጥቶ ሳጥን ሲያድን ሰምቼ አላውቅም። ፒያሳም ሳሉ እንዲሁ ነበሩ፤ መሰላሉ ሲወድቅ ያንን ዛሬም የማያወልቁትን ሰማያዊ ቆብ አድርገው፣ ብሩሽዎን አፍዎ ውስጥ ይዘው ሲንጠለጠሉ ከሲኒማ ቤቱ ቲኬት መስኮቴ አይቻለሁ። ስድስት ዓመት ከእርስዎ ማስታወቂያ ሥር ቲኬት ስቆርጥ አንድ ቀን እንኳ «እንደምን አደሩ» ከማለት አላለፉም። አሁን ሠላሳ ዓመት ዘግይተው ደብዳቤ ይጽፉልኛል። ምን ይሁን፣ እግር መሰበር ነበረበት።

ለምን አትደውልም ይሉ ይሆናል። የረሆቦት ስልክ ሳሎን መሀል ነው፤ ባለፈው ስደውል ከበስተጀርባ ቤተሰቡ በሙሉ ሲያዳምጥ ይሰማኝ ነበር። ደግሞ እኔ በስልክ መዋሸት አልችልም፣ ድምፄ ያሳብቅብኛል። በወረቀት ግን ትንሽ ትንሽ እችላለሁ።

ሥዕልዎ ማድቤት ነው፣ ፍሪጁ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ። ከቤቱ ሁሉ አየር የሚያገኘው እሱ ነው። አረንጓዴው ቀለም ከበረንዳው አልለቅ ብሏል፤ ይተዉት፣ የበሉት ዳቦ ማስታወሻ ይሁን። የላይኛዋ ጎረቤቴ ዳኒኤላ መጥታ ሥዕሉን አየችው። እሷ እንደ እኔ የአስመራ ልጅ ናት፣ ሰው አታሞግስም። «ዝናብ መጥቶበታል እንዴ?» አለች። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የሠላሳ ሰው የሚያህል ፊት በሰሌዳ ላይ ሲሥሉ የኖሩ ሰው፣ እዚህ ሥዕል ላይ አንድም ሰው አላየሁም። ሰው ሰለቸዎት?

ሉችያ

*

ዞተርሜር፣ ሜይ 4 ቀን 1995

ለወይዘሮ ሉችያ፣

ሰላምታዬ ከፍ ያለ ነው። ጥያቄዎ ሌሊቱን ሙሉ አስቆኛል፤ መልሱ ግን ረጅም ነው፣ ይታገሡኝ።

ሲኒማ ቤት ሳለሁ ባለቤቱ ፎቶግራፍ ይሰጠኛል፣ እኔ በእርሳስ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እከፋፍለዋለሁ፣ ሰሌዳውንም እንዲሁ፣ ከዚያ አንዱን ማዕዘን ወደ አንዱ እገለብጣለሁ። ሽፋሽፍት እየቆጠርኩ። ትእዛዙ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ፊቱ ትልቅ፣ ጥርሱ ነጭ ይሁን።» ያላየኋቸውን ሰዎች ፊት እንደ ደንበኛ ልብስ ሰፊ ለክቼ እሠራ ነበር። እጄ ይሠራል፣ ዓይኔ ተኝቷል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ዓይኔን የቀሰቀሰው መወልወያ ነው። አይሣቁ። ሄግ እንደመጣሁ አንድ ሙዚየም በጽዳት ሠራተኝነት ቀጠረኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ወለል ወለወልኩ። ወለል የሚወለወለው ወደ ኋላ እየተሄደ ነው፣ አለዚያ የወለወሉትን መልሰው ይረግጡታል። አንድ ሰኞ፣ ሰኞ ለሕዝብ ዝግ ነው፣ ከአንድ ሥዕል ሥር ጀመርኩ። ከቅርብ ሳየው የተዝረከረከ ነገር ነው፤ ሠዓሊው ብሩሹን የጠረገበት ጨርቅ መሰለኝ። አዘንኩለት። እየወለወልኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። አራት፣ አምስት እርምጃ። በሰባተኛው ቀና ስል ያ ዝርክርክ ውሃ ሆኗል። ውሃ! ፀሐይ ያረፈችበት፣ የሚንቀሳቀስ። ደንግጬ ባልዲውን ረገጥኩት፤ አዳራሹን እንደገና ወለወልኩ። እንደገና በመወልወሌ ደስ አለኝ፣ እንደገና አየሁታ።

በዚያ ሳምንት ቀለም ገዛሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማምንበት አንድ ነገር ነው፦ ነገሩን ሳይሆን ብርሃኑ በነገሩ ላይ ያደረገውን መሣል። ብርሃን ደግሞ አይጠብቅም። ደመናው እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ቢሰጥዎ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ስቸኩል ብዙ አፍስሻለሁ፣ የሚሰቀለው የለቀምኩት ነው። ከበረንዳዎ አምስት ጠዋት ያንን ውሃ አየሁት፤ አንድ ቀን የሽሮ ዱቄት መሰለ፣ አንድ ቀን የጣሪያ ቆርቆሮ፣ አንድም ቀን ሰማያዊ አልነበረም። ውሃ ሰማያዊ ነው ያለን ሰው ከቤቱ አልወጣም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ሰው የለበትም ያሉት ስሕተት ነው። በሥዕሉ ውስጥ አንዲት ነገር አለች፣ ትንሽ ናት፣ ግን ሁሉን የያዘችው እሷ ናት። እሷ ባትኖር ውሃውም ሰማዩም ያንቀላፋሉ። የት እንዳለች አልነግርዎትም፤ ወደ ኋላ እየሄዱ ይፈልጓት። ሲያገኟት ይጻፉልኝ፣ የምጠይቅዎ ነገር አለኝ።

አክባሪዎ ብዙነህ

*

አምስተርዳም ኖርድ፣ ሜይ 7 ቀን 1995

ጋሽ ብዙነህ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አየሩ ጥሩ ነው። ዓርብ ሆላንዶቹ ከጦርነቱ ነጻ የወጡበት ሃምሳኛ ዓመት ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ባንዲራ ሰቅሎ ዋለ፤ ፖንቱ እንኳ፣ ሰው የሚያሻግረው ጀልባ፣ ባንዲራ አሥሮ ነበር። እኔም የታችኛው ጎረቤቴ ምሕረተኣብ ጡረታ መውጣቱ ነውና በትልቁ ድስት ዝግኒ ሠርቼ ሰው ጠርቼ ነበር። ጥሩ ሆነ። ሁሉም በሉ። ዳኒኤላ ዘፈነች። ዝናብ አልዘነበም።

የመወልወያው ታሪክ ደስ ብሎኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የዘይት ቀለም በሳሙና ይለቃል? ለሽርጤ ነው።

ሉችያ

*

ዞተርሜር፣ ሜይ 10 ቀን 1995

ለወይዘሮ ሉችያ፣

ደብዳቤዎ አጭር ሆነብኝ፤ ድግሱ አድክሞዎት ይሆናል። ሽርጥዎን እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ቀለሙ ገና ካልደረቀ በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ በደንብ ይለቃል። ከደረቀ አኳራጅ ነው መድኃኒቱ፤ ስሙም ከጣልያን የመጣ ነው፣ እርስዎ ከእኔ ይሻሉታል።

ትናንት ፓስተር ፈቃደ ሊጠይቁኝ መጡ። ጸለዩልኝና «ለመሆኑ ዮርዳኖሱ ላይ ዘንባባ አለ?» አሉኝ። ጀልባ አለ አልኳቸው። ሻይ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ። የጉባኤው መኪና ቅዳሜ ጁን 3 መጥቶ ከእርስዎ ቤት በቀጥታ ሮተርዳም ይወስደዋል፤ ሰባ ሰው ያየዋል። ሄርሜላም «ኦፓ፣ ሥዕልህ ክላር ነው?» ትለኛለች፤ አልቋል ወይ ማለቷ ነው። አያቷን አንተ ትላለች፣ እዚህ ያደገ ልጅ ምን ያድርግ። «ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው ካለቀ» አልኳት። «ታዲያ ምን ትጨነቃለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ካለቀ በኋላ የምጨነቀው ምን እሆን ብዬ ነው?

አገኟት? እስካሁን አልነገሩኝም።

አክባሪዎ ብዙነህ

*

አምስተርዳም ኖርድ፣ ሜይ 13 ቀን 1995

ጋሽ ብዙነህ፣

ዛሬ ሰላምታውን ልዝለለው፤ ከጀመርኩት እንደ ባለፈው ሰላምታ ላይ እጨርሳለሁ። ሥዕልዎን አበላሽቼዋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሽርጥ የሚባል ነገር የለም። ያ የዝግኒ ድስት ዓርብ ሲንተከተክ ማድቤቱን ሁሉ ረጨው። ቅዳሜ ጠዋት እንግዳ ከሄደ በኋላ ሳሙናዬንና ጨርቄን ይዤ ተነሣሁ። ግድግዳው ላይ በርበሬ፣ ካላንደሩ ላይ በርበሬ፣ የቅድስት ሉችያ ሥዕል ላይ በርበሬ፣ ይቅር ትበለኝ። ሁሉንም ጠረግሁ። ቀና ስል እርስዎ ሥዕል ላይ፣ በውሃው ዳር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀይ አለች። «ውይ የሰው ሥዕል!» ብዬ፣ ቀስ አድርጌ፣ እንደ ሕፃን አፍ፣ ጠረግኋት። ቶሎ ለቀቀች። ደስ አለኝ እኮ! ከዚያ ጨርቁን አሸተትኩት። በርበሬ በርበሬ አይልም። ዘይት ዘይት አለኝ።

ቁጭ አልኩ። በዚያው ቀን ቀትር ላይ «አንዲት ነገር አለች፣ ሁሉን የያዘችው እሷ ናት» የሚለው ደብዳቤዎ በበሩ ገባ።

ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ማድቤቴ ስለማይበቃ ኮሪደሩ ድረስ። እውነትዎን ነው። አንቀላፍቷል። ውሃው ውሃ ነው፣ ሰማዩ ሰማይ ነው፣ ግን ሰው እንደሌለበት ቤት ነው። አሁን በቦታዋ ያለችው ሐምራዊ እድፍ ናት። ሰባት ቀን ዋሽቼዎታለሁ፤ በወረቀት እችላለሁ ብዬ ፎክሬ እሱንም አልቻልኩ። ሳጥኔን እዘጋለሁ ያሉትን ሳስብ ምግብ አይወርድልኝም። ፓስተሩ ዘንድ ሄጄ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እላለሁ። ምን ላድርግ? ይቆጡኝ ግን ይጻፉልኝ።

ሉችያ

*

አምስተርዳም ኖርድ፣ ሜይ 19 ቀን 1995

ጋሽ ብዙነህ፣

ስድስት ቀን ሆነ። ፖስተኛው ደረጃ ላይ ሲያየኝ ገና ራሱን ይነቀንቃል። ስድብም ቢሆን ይላኩልኝ።

ሉችያ

*

ዞተርሜር፣ ሜይ 20 ቀን 1995

ለወይዘሮ ሉችያ፣

የትናንቱ ደብዳቤዎ አሁን ደረሰኝ፣ አንጀቴን በላው። ሳምንት ያስጠበቅሁዎ ተቆጥቼ አይደለም። እውነቱን ልንገርዎ፣ መጀመሪያ ተቆጥቻለሁ። ደብዳቤዎን አንብቤ ክራንቼን ወረወርኩት፤ የረሆቦትን የአበባ ማስቀመጫ ሰበረ። ሄርሜላ ሮጣ መጥታ «ምን ሆንክ ኦፓ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሣቀች። «ቆይ፣ ሴትዮዋ ሥዕልህን ኤኽት በርበሬ መስሏት ጠረገችው? እውነተኛ መስሏት? ኦፓ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ!»

አሰብኩት። እኔም ሣቅሁ። ሠላሳ ዓመት የሣልኩትን ፊት አንድ ሰው እንኳ እውነት መስሎት እጁን አልዘረጋበትም።

ከዚያ በኋላ የዘገየሁት ሌላ ነገር ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ወረቀት ስለቀደድኩ ነው። አራተኛው ይኸውልዎ። ያች ቀይ እርስዎ ነዎት።

አምስቱንም ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ያንን ቀይ ሻርፕ ለብሰው ዳቦ ሊገዙልኝ ወደ ጀልባው ይወርዱ ነበር። ሰማዩ አመድ፣ ውሃው አመድ፣ ከዚያ አንዲት ቀይ በዳሩ ትወጣለች፤ ውሃው ሁሉ ይነቃል። ፒያሳ ሳለን ከዚያች ትንሽ መስኮት እጅዎን ብቻ ነበር የማየው። ፊትዎን አንድ ቀን በሰሌዳ ላይ ብሥለው ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ፤ እንድሥል የሚከፈለኝ ግን የሌላ ሰው ፊት ነበር። አሁን ማንም ሳይከፍለኝ ሣልኩዎት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። ትበቃለች።

አሁን ያድምጡኝ። እኔ መምጣት አልችልም፣ አምስት ፎቅ ነው። ሥዕሉም ወደዚህ እንዲመጣ አልፈልግም፤ ከዚህ ሶፋ ላይ ሆኜ ብመልሳት ትዝታ መሣሌ ነው፣ እንደ ፎቶግራፉ። ሊመልሳት የሚችለው ቦታው ላይ ያለ ሰው ነው። እርስዎ። አይሆንም አይበሉ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጥቅል አንድ ብሩሽ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ልኬያለሁ። ሰማያዊው ለማብረድ ነው፤ የመርፌ ጫፍ ታህል ከቀይዋ ጋር ያዋሕዱ፣ ጠዋት ላይ ቀይ ብቻውን አይወጣም። እድፉን አይንኩት፣ ከላዩ ነው። አንድ ሰው ሻርፑን ለብሶ በዚያች ሰዓት ይውረድልዎ፤ እርስዎ ከበረንዳው ይዩ። ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉ። ሰው አይሣሉ። እጅ፣ እግር፣ ፊት ብለው ከጀመሩ ይጠፋሉ። ያዩትን ቀይ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ ደፍረው ያስቀምጡ። አንዴ ካስቀመጡ አይመለሱበት። ብዙ ሥዕል የሚሞተው ሠዓሊው ተመልሶ ሲያስተካክለው ነው።

የምጠይቅዎ ነገር አለኝ ብዬ ነበር። እሷ ቦታዋ ስትመለስ እጠይቃለሁ።

ብዙነህ

*

አምስተርዳም ኖርድ፣ ሜይ 28 ቀን 1995

ጋሽ ብዙነህ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ ቁጭ አልኩ፤ ተነሣሁ፤ እንደገና አንብቤ ቁጭ አልኩ። ስለዚያ ነገር አሁን ምንም አልጽፍም። ሥራ አለብኝ።

ዳኒኤላን ለመንኳት። «እኔ ቀይ አልለብስም፣ ያወፍረኛል» አለች። ሦስት ጠዋት ወረደችልኝ። የመጀመሪያው ቀን ዘነበ። ሁለተኛው ቀን መሀል መንገድ ላይ ቆማ «ትታየኛለሽ ወይ?» ብላ በትግርኛ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ መስኮት ከፈተ። ሦስተኛው ቀን ዝም ብላ ሄደች፣ ጀልባው ክፍት ሆኖ ስታገኘው ገባችበት፣ ተሻገረች፤ ከሰዓት በኋላ አሣ ገዝታ ተመለሰች። ግን አየኋት።

ምን ልበልዎ! ከላይ ስትታይ ዳኒኤላ አይደለችም፣ ሰውም አይደለችም። ቀይ ናት። ውሃው እንዳሉት ነቃ። እኔም እንዲህ ነበር የምታየው? አምስት ጠዋት አንድ ሰው ከላይ እንዲህ ሲያየኝ፣ እኔ ዳቦ ትኩስ ነው አይደለም እያልኩ እጨነቅ ነበር። አለቀስኩ፣ ልደብቅዎ አልፈልግም። የደስታ ነው።

ከዚያ ማድቤት ገብቼ አማትቤ አስቀመጥኳት። አንድ ጊዜ። ወደ ኮሪደሩ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ መጥረጊያውን ይዤ፣ እንደ ሕጉ። አለች! በቦታዋ አለች። ከእርስዎ ትንሽ ቀጠን ብላለች፤ ያ ዳኒኤላን ሳይሆን እኔን ስላሰብኩ ነው።

ሌላም አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ምን እንደሆነ አልናገርም፤ እርስዎም ያችን ቀይ እንድፈልግ አድርገውኝ ነበር። ሲያገኙት ይቆጡ ወይም ይሣቁ። እሑድ ወደ ሮተርዳም አልመጣም። የራሴ ቤተ ክርስቲያን በዓል አለብኝ ልል ነበር፤ እውነቱ ግን ሲያዩት ፊትዎን ማየት እፈራለሁ።

ሉችያ

*

ዞተርሜር፣ ጁን 5 ቀን 1995

ለሉችያ፣

ዛሬም በዓል ስለሆነ ፖስታ ቤቱ ዝግ ነው፤ ደብዳቤው እስኪደርስዎ እንዴት እንደምታገሥ አላውቅም።

ትናንት ረሆቦት በመኪና ወሰደችኝ። አዳራሹ ሞልቷል። ገንዳው የልጆች መዋኛ ነው፣ ሰማያዊ ላስቲክ፣ በአንድ በኩል ያፈስሳል፤ ወንድሞች በፎጣ ይዘውታል። ሥዕሉ ከጀርባው ተሰቅሏል። መጀመሪያ የመጡት የጉባኤው ትልቅ እናት፣ እትዬ ፋናዬ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አፍንጫቸው ሸራውን እስኪነካ ቀረቡ። «ይሄ ነው ዮርዳኖስ? ጀልባ አለበት እኮ።» ፓስተር ፈቃደ እኔን አዩኝ፣ ሥዕሉን አዩ፣ «ጌታም በጀልባ ሄዷል እማዬ» አሉ። ነፍሴ መለስ አለች።

ከዚያ ሄርሜላ ተጠመቀች። ከውሃው ስትወጣ ፀጉሯ ያንጠባጥባል፣ ትሥቃለች፣ ከኋላዋ ያ ሌላው ውሃ። መብራቱ ከገንዳው ነጥሮ ሸራው ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ውሃ አብረው ተንቀሳቀሱ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ እኔ አይደለሁም ያደረግሁት። ከዝማሬው በኋላ እትዬ ፋናዬ ከመጨረሻው ወንበር ተነሥተው በትልቅ ድምፅ «ሴትዮዋ! ያች ቀይ የለበሰችው ሴትዮ ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ። ሰባ ሰው ዞሮ አየ። ማንም እንደ ግድግዳ ወረቀት አላለፈውም። ረሆቦት እጄን ይዛ «አባዬ፣ በረንዳችን ላይ ያስቀመጥኩትን ሳጥንህን ነገ ሳሎን አስገባዋለሁ። ምንጣፉን ግን ሸፍን» አለችኝ።

እኔ ግን ገና አላየሁትም ነበር። ፊት ወንበር ላይ ነኛ፣ ከቅርብ። ተነሣሁ። በክራንች ወደ ኋላ መሄድ እንዴት እንደሚያስቸግር! የሁለት ሰው እግር ረግጫለሁ፣ አንዱ የፓስተሩ ነው። አምስት፣ ስድስት። በሰባተኛው ቀና አልኩ።

ቀይዋ በቦታዋ አለች። ከጎኗ፣ ልትነካት ጥቂት ሲቀራት፣ አንዲት ሰማያዊ አለች።

ያንን ሰማያዊ ለማብረድ ነበር የላክሁት። ቆቤን አይቶ የማያውቅ ሰው አላፊ አግዳሚ ይመስለዋል። እኔ አወቅሁት። ያ የሠላሳ ዓመት ሰማያዊ ቆቤ ነው፣ በረንዳዎ ላይ ቆሞ ሲያይ የከረመው፤ አሁን ወርዶ ከእርስዎ ጋር ጀልባ ይጠብቃል። በሕይወቴ ሌላ ሰው ሥሎኝ አያውቅም። እዚያው ክራንቼ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ፤ ምእመናኑ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው «ሃሌ ሉያ» አሉ። አልተሳሳቱም።

ማታ ጥያቄዬን ልጽፍ ብዕር አነሣሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚያች መስኮት ልጠይቅዎ የሚገባኝን፣ ከእንግዲህ በአንድ ቤት፣ በአንድ በረንዳ እንኑር ወይ የሚለውን። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት። መልሱ ተሰቅሎ ሰባ ሰው አይቶታል።

ጀሶው ረቡዕ ይፈታል።

ብዙነህ

*

አምስተርዳም ኖርድ፣ ጁን 7 ቀን 1995

ብዙነህ፣

እርስዎ ማለቱን ትቼዋለሁ። በሥዕል ላይ ከጎኔ ያቆምኩትን ሰው ከእንግዲህ በክብር ብጠራው ዳኒኤላ ትሥቅብኛለች። እሷ አሁንም ሻርፑ አወፈረኝ እያለች ነው።

በዚያ እግርህ አምስት ፎቅ እንዳትወጣ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እኔ እወርዳለሁ፤ አንተ በጀልባው ተሻገርና ከዳር ጠብቀኝ። ቀዩን እለብሳለሁ። ቆብህን አድርገህ ና። ሳጥንህንም አምጣው፣ በረንዳው ላይ ለሁለት ወንበር ቦታ አብጅቻለሁ፤ አንዱ የአረንጓዴው እድፍ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርህ። ሰማያዊውን ሳስቀምጥ ብሩሹን ጫን ብዬ ወፈር አድርጌሃለሁ። ደግሞም ወደ እኔ በጣም ተጠግተሃል። ፓስተሩን ለምነህ ልታስተካክለው ብሩሽ እንዳታነሣ። አንዴ ካስቀመጡ አይመለሱበት ያልከኝ አንተ ነህ።

ሉችያ